ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ቢሮዬን ለቅቄ ቤት ሆኜ በመጻፍ ልተዳደር አስቤያለሁ። ገንዘቡን ተዉትና ደስታው ምኑ ላይ ነው? አይሰለችም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ድሬ ቤቴ ተቀምጬ መጻፍ ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በራሪ ወረቀት፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የድርጅት ሪፖርት፣ ትርጉም፣ የመጣውን እጽፋለሁ። እስቲ ከራሴ ልንገርሽ።

ደስታው ሰዓቱ ላይ ነው። አቦ፣ ይሄ ከተማ እኮ የራሱ ሰዓት አለው! ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ ከዚራ ሰፈርም መጋላ ሰፈርም ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ይተኛል፣ ፍየሉ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ድሬ እንደገና የምትነቃው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን ቢሮ ሳለሁ በዚያ ሙቀት ክራባቴን አጥብቄ፣ ክንዴ ወረቀቱ ላይ እየተጣበቀ፣ አንዱን ደብዳቤ ሦስቴ አርም ነበር። ሙቀቱ ያደከመኝ አይመስለኝም ነበር፤ ሰነፍ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።

አሁን ለሱብሂ አዛን ሲል እነቃለሁ። 11 ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ፣ ኒሟ ሥር ነኝ። ያኔ አየሩ ለስላሳ ነው። ባጃጁም ገና አልተነሣም፤ የሚሰማው የወፍና የመጥረጊያ ድምፅ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት የጻፍኩትን አንድ ገጽ ከሰዓት በኋላ ልጻፈው ብል ግማሽ ቀን ይወስድብኛል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የዕለቱ ዋና ሥራ አልቋል። ከምሳ በኋላ ሲሚንቶው ላይ ውሃ እደፋለሁ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ፍራሼ አዞራለሁ፣ ከዚያ ማንንም ሳልፈራ እተኛለሁ። ሲመሽ ደግሞ ሁለት ሰዓት እጨምራለሁ፣ መብራት ካለ።

ልብሱም አለ። እኔ የምሠራው በሽርጥ ነው። አዲስ አበባ ካሉት ደንበኞች ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ። አንድ ቀን ረስቼ ቻርጀር ላመጣ ብድግ አልኩ። ደንበኛዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስብሰባው ተቋረጠ። ሥራው ግን አልቀረብኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው የተቀራረብነው።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ደስታ ጎረቤት ነው። እኛ ግቢ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት አሉ። መጀመሪያ ቤት ስውል ሲያዩኝ ሥራ ፈት መስያቸው «አይዞህ ልጄ፣ እሱ ያውቃል» ይሉኝ ነበር። ለእኔ ሥራ ስለት ሳይገቡም አልቀሩ። አንድ ቀን ደንጌ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ ስለምታስተላልፈው ትንኝ በራሪ ወረቀት እጽፋለሁ። ደንጌ ድሬ ላይ መጀመሪያ የተነሣው በ2006 ነው፤ ትንኟ የምትነክሰው ቀን ነው፣ የምትራባውም ተጠራቅሞ የቆየ ውሃ ላይ። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በተራ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ቤት የለም። እና «በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ የሚፈጠሩ የትንኝ መራቢያ ሥፍራዎችን ማስወገድ ይገባል» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። እማማ አጠገቤ ምስር ይለቅማሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሡ።

«ምን አድርጉ ነው የምትለው?»

«በርሜላችሁን ክደኑ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ እንደሱ አትልም?»

ወረቀቱ «በርሜሉን ክደኑ፤ አሮጌ ጎማ ውስጥ የቋረውን ውሃ ድፉ» ተብሎ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ የሚወጣ ጽሑፍ እሳቸው ሳይሰሙት አላስረክብም። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ አራሚ ከየት ይመጣል?

ፈቃድ አለመጠየቅም አለ። ታኅሣሥ 19ን ውሰጂ። ተቀጥሬ ሳለሁ ቁልቢ ገብርኤል ለመሄድ ከኅዳር ጀምሮ ነበር የምለማመጠው። አለቃዬ «በየዓመቱ ስለት አለብህ እንዴ?» ይለኝ ነበር። አሁን ሥራዬን ቀደም አድርጌ አስረክቤ፣ ጋቢዬን ይዤ የደንገጎን አቀበት እወጣለሁ። የድሬ ሰው ጋቢ የሚያስታውሰው ያኔ ነው መቼም።

ገንዘቡን ተዉት ብትዪም አንዲት ነገር ብቻ፤ ቀብድ ሳትቀበዪ አትጀምሪ። አንድ ድርጅት ሙሉ ሥራ ወስዶ «ፊርማ ላይ ነው» እያለ ስምንት ወር አመላልሶኛል። ያን ጊዜ የበላሁት ሽሮ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ይሰለቻል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ይሰለቻል። በተለይ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከእንቅልፍ ነቅተሽ የሰው ድምፅ የሌለ ጊዜ። ለወንዱ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጓደኛ ይደውልና «ቤት አይደለህ? እንምጣ» ይላል፤ የጫት በርጫው እኔ ቤት ይሆናል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሥራ በዚህ አበላሽቻለሁ። አሁን ስልኬን ዘግቼ 11 ሰዓት ላይ እኔው ወጥቼ አገኛቸዋለሁ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዘን እስኪመሽ እንቀመጣለን። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ሰው ያኔ እንዴት እንደሚያወራ ብታዪ!

በይ እንግዲህ፣ ከገባሽበት ጠረጴዛሽን ከምዕራቡ ግድግዳ አርቂው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ያን ግድግዳ ምጣድ ነው የምታደርገው። እኔ ላፕቶፔ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ድርግም ሲል ሦስት ወር ሙሉ ጠጋኝ ቤት ተመላለስኩ። ለካ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም።