«ሆዷ ሳይታይ ኒካሁ ይታሰር» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። የ17 ዓመት ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን በቅርቡ አወቅን። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ የሰው ባጃጅ እየነዳ ይተዳደራል፤ «የኔ ነው» ብሎ አልካደም። ቤተሰቦቹም ሽማግሌ ልከው፣ ሆዷ ገፍቶ ሳይታይ ኒካሁ ይታሰር፣ ከዚያ ልጁ ዓረብ አገር ሄዶ ገንዘብ ይልካል፣ እርሷም እናቱ ቤት ትቀመጣለች ብለዋል። ባለቤቴ ተስማምቷል። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ቡናውን ያፈላችው ልጄ ናት፤ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቃል አልወጣትም። የእኔ ልብ ግን አልረጋም። እንዲህ የተጀመረ ትዳር ይሰነብታል ወይ? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ልብዎ ያልረጋው በከንቱ አይደለም። በሽማግሌዎቹ ሐሳብ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። የነፍሰ ጡሯና የሚወለደው ልጅ ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ ነው፤ የሁለቱ ወጣቶች ትዳር ግን ሊቆይ ይችላል፣ እንዲያውም መቆየት አለበት ባይ ነኝ።

አስቀድሜ ሕጉን ላንሣ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግም ሆነ የፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የሚጠይቁት ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ጋብቻው በኒካህ፣ በባህል ወይም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢፈጸም ይህ አይለወጥም። በከባድ ምክንያት ዕድሜው እስከ ሁለት ዓመት ዝቅ እንዲል የሚፈቀድበት መንገድ ቢኖርም ፈቃዱን የሚሰጠው የመንግሥት የፍትሕ አካል እንጂ ሽማግሌ አይደለም። ከዚህ ውጭ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት ያላነሰ፣ ነገር ግን 18 ያልሞላት ልጅ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ስለዚህ የልጁ ወላጆች ልጃቸውን ከነገር እናወጣለን ሲሉ ሌላ ነገር እየጨመሩበት ነው። 18 ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር ግንኙነት መፈጸም ራሱ፣ ፈቅዳም ቢሆን፣ በአንቀጽ 626 የሚያስጠይቅ በመሆኑ ሁለቱም ወገኖች የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ አንዳች ውል ባይገቡ ይሻላል።

ይሰነብታል ወይ ላሉት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ላይ የተመሠረተ ትንተና በአገራችን ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከሚፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የሚለያዩትም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሆነ አሳይቷል፤ በለጋ ዕድሜ ማግባት ፍቺን ከሚያበዙት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። አኃዙ ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በየመንደራችን የምናየው ነው። ወጣቶቹ የሚለያዩት ስለማይዋደዱ ብቻ አይደለም። የራሳቸው ቤት የላቸውም፣ የዕለት ገቢያቸው አይበቃም፣ ጠባያቸውን ሳይተዋወቁ ልጅ ይመጣል፣ እርሱ ሳይጠነክር ሌላው ይደገማል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የዓረብ አገሩ ጉዳይ ነው። መንገዱን ወሎ ያውቀዋል፤ በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ቀጥሎ የሳዑዲ ድንበር። ባሕሩና ድንበሩ ስንቱን እንዳስቀሩ ለእርስዎ አልነግርም። በሰላም ደረሰ እንኳ ብንል፣ የደላላው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በብድር ወይም ከብት ተሽጦ ስለሚገኝ መጀመሪያ የሚላከው ብር ዕዳ ይከፍልበታል እንጂ ለሕፃኑ አይተርፍም። ልጅዎ ደግሞ ባልዋ በሌለበት ቤት፣ በአማቷ ጓዳ፣ አራስ ሆና ውኃ ቀጂና እንጀራ ጋጋሪ ትሆናለች። ከባልዋ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ነው፤ እርሱም ስለ እርሷ የሚሰማው ከእርሷ አፍ ብቻ አይሆንም፤ እናቱም፣ ጎረቤቱም ይደውላሉ። ዓመት ሳይሞላ በስልክ የሚፈርስ ትዳር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ልጁ በእርግጥ ኃላፊነት ልውሰድ ካለ፣ ባጃጁ ላይ መቆየቱ ከጉዞው ይልቅ ለዚህች ልጅ ይጠቅማታል።

ሽማግሌዎቹን ክፉ ናቸው አልልም፤ የመጡት ለማስማማት ነው። ነገር ግን የወሎ አበጋር በደም የተቃቡትን እንኳ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አያስታርቅም፤ ለልጅዎ ሲሆን መጠየቁ ለምን ተረሳ? ዝምታዋን እንደ እሺታ አይቁጠሩት። አባቷም ወንድሞቿም በሌሉበት፣ እርስዎ ብቻ ሆነው፣ ግንኙነቱ በፈቃዷ እንደነበረ፣ ልጁን እንደምትፈልገው፣ ትምህርቷን ምን ለማድረግ እንደምታስብ ይጠይቋት። መልሷ ቢያስደነግጥዎም ሳይቆጡ ያዳምጧት። ከ18 ዓመቷ በኋላ ሁለቱም አሁን ያለውን ፍላጎት ይዘው ከተገኙ ኒካሁ ያኔ ቢታሰር ማንም አይከለክላቸውም።

ሕክምናው ግን ዛሬውኑ ይጀመር። በዚህ ዕድሜ እርግዝና የደም ግፊትና እርሱን ተከትሎ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ያሰጋል፤ ሕፃኑም ያለ ቀኑ ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ወቅት ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት፤ ደሴም ሩቅ አይደለችም። ቤት ውስጥ እንዳትወልድ። ከወለደች በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ከ24 ወር በፊት እንዳይመጣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ እዚያው ታማክር፤ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ የምትችለውም ይህ ሲሆን ነው።

ባለቤትዎ የሚፈሩት ሕፃኑ ያለ አባት እንዳይቀር ከሆነ፣ ለዚህ ጋብቻ አያስፈልግም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው፤ አባቱ ልጅነቱን መቀበልና ቀለቡን መስጠት ይችላል፣ ይገባዋልም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ልጁ ከባጃጁ ገቢ በየወሩ ምን ያህል እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ሕፃኑ ሲወለድም በ90 ቀን ውስጥ አባትና እናት አብረው ወደ ቀበሌ ሄደው ያስመዝግቡት።