ብሪጁን የት ጋ ልግጠመው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ እቤት ራሴ ኤሌክትሪክ ጊታር እየሰራሁ ነው። ቦዲውን ከደረቅ ሳንቃ ቆርጬ ጨርሻለሁ፣ ኔኩንም (አንገቱን) ልሰራ ነበር ግን የፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የሚደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ነገር አስፈራኝ። ኔኩን ገዝቼ ብገጥመው ጊታሩን ራሴ ሰራሁት ማለት እችላለሁ? ብሪጁስ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት) የት ጋ ነው የሚገባው? ደሞ ጓደኛዬ የሰራው ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሲሰካ ዝዝዝ ይላል፣ ክሩን ሲነካው ይቀንሳል፣ የኔም እንደዛ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኔኩን ግዛ ባክህ፣ ምን ያሳፍራል። ቦዲው ላይ ትንሽ ብትስት በብርጭቆ ወረቀት ታስተካክለዋለህ፣ ወደ ቦዲው የተጠጉት ላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ግን አንድ ሚሊሜትር ከሳትክ ጆሮ ያውቀዋል። ከነቱ (ኔኩ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ) እስከ ብሪጁ ያለውን ርዝመት ለ17.817 ታካፍልና የመጀመሪያው ፍሬት ይወጣልሃል፣ የቀረውን እንደገና ለ17.817፣ እንዲህ እያልክ እስከ 22ኛው ድረስ። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ኔኩን ሳይቀር ራሱ ከአባቱ ጋር ሰርቶታል፣ የኔኩም እንጨት ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ክፈፍ የተነቀለ ነበር፣ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ጀምረው ሁለት አመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። አንተ እስከዛ የምትታገስ አልመሰለኝም።

ብሪጁ ላይ ግን እንዳትቸኩል፣ ብዙ ሰው ስራውን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። የሰው ፕላን ላይ ያየኸውን ቁጥር ተወውና የራስህን ኔክ ለካ፣ ክሩ ከነቱ ከሚለቅበት ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት መሀል። የፌንደር አይነት ኔክ ከሆነ 324 ሚሜ አካባቢ ታገኛለህ። ከዛው ፍሬት ተነስተህ ያንኑ ያህል ወደ ታች ለካና ምልክት አድርግ፣ ቀጭኗ ክር የምታርፍባት ሳድል (ብሪጁ ላይ ያለች ተንቀሳቃሽ የክር ማረፊያ) እዛ ጋ ነች፣ የወፍራሟ ደግሞ 2 ወይ 3 ሚሜ ወደ ኋላ ትላለች። ስለዚህ ከመብሳትህ በፊት ሳድሎቹን በቪሷቸው ወደ ኔኩ በኩል አምጣቸው፣ ትንሽ ብቻ አስቀርላቸው፣ ምክንያቱም በኋላ ስትቃኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከዛ ብሪጁን በቴፕ ያዝ አድርገውና ከመቃኛ ቁልፎቹ ሁለት የልብስ ስፌት ክር በሁለቱ ዳር ክሮች መንገድ ወጥረህ እይ፣ አንደኛው ወደ ኔኩ ጠርዝ ከተጠጋ ብሪጁን ትንሽ ገፋ አድርገው። ሁለቱም ከየጠርዛቸው እኩል ሲርቁ ያኔ ብሳ።

የጓደኛህ ጊታር ሲነካ ከቀነሰ የብሪጁ ግራውንድ ሽቦ ደህና ነው ማለት ነው። ሰውነታችን ራሱ እንደ አንቴና ከመብራት መስመሩ ረብሻ ይሰበስባል፣ ብረቱን ስትነካ በዛ ሽቦ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። የሚቀረው የፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) እና የሽቦው ጉድጓድ ነው፣ ውስጡን በመዳብ ፎይል ሸፍነህ ፎይሉን ከቮልዩሙ (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ጀርባ ጋር በየደው፣ የፒካፑ ሲግናል ሽቦ ግን ፎይሉን እንዳይነካ፣ ከነካ ጊታሩ ጭጭ ይላል። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒካፕ እንደዛም ሆኖ ትንሽ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ ባህሪው ነው፣ ጨርሶ ካስጠላህ ሀምባከር ግጠም፣ እሱ ሁለት ጥቅል ስላለው አንዱ የሌላውን ረብሻ ያጠፋዋል። ቮልዩሙን ስትገዛ ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም ለሀምባከር 500 ነው የተለመደው።

ቀለሙን ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርገው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ገጥመህ ክር ወጥረህ ተጫወትበት፣ ሊነካካ የሚገባው ነገር መኖሩ ስለማይቀር ያኔ እንደልብህ ትፈታዋለህ።