የተከለከለው ቢላ ነው ወይስ ቢላ ይዞ መውጣት?

ጠያቂያችን «ብሪታንያ በየጊዜው አዲስ የቢላ ሕግ ታወጣለች፤ ቢላ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዕቃ ነውና ክልከላው ምን ይፈይዳል?» ሲሉ ጠይቀዋል። በዚያው አገር ለረጅም ጊዜ በምግብ አብሳይነት ስለሠራሁና የራሴን ቢላዎች ይዤ ወደ ሥራ ስለምመላለስ፣ ነገሩን ከቅርብ አውቀዋለሁ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ1988ቱ ሕግ የሚከለክለው ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ በአደባባይ መገኘትን ነው። ምክንያት የማይጠየቅበት፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥና ተከፍቶ የማይቆለፍ ታጣፊ ሴንጢ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ የማስረዳቱ ግዴታ የያዡ ነው። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ፖሊስ አስቁሞ ፈተሸኝ። ቢላዎቹ እያንዳንዳቸው በሰገባቸው ሆነው፣ በሸራ ተጠቅልለውና በጠፍር ታስረው ቦርሳዬ ውስጥ ከሥራ ልብሴ ሥር ነበሩ፤ ጠፍሩን ፈትቶ አየ፣ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ፣ ከዚያም አሰናበተኝ። ሥራ በሕጉ በራሱ የተጠቀሰ ምክንያት ነው። መንገዴን ትቼ መጠጥ ቤት ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ግን ያንኑ ምክንያት ማቅረብ በከበደኝ ነበር፤ ስለዚህ ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የምመክረው ቢላቸውን ሥራ ቦታ ቆልፈው እንዲሄዱ ነው።

በቅርጽ መከልከሉ ሌላ ነገር ነው። በቁልፍ ተስፈንጥሮ የሚከፈተው ሴንጢ በ1959፣ «ዞምቢ መሰል» የሚባለው ረጅም፣ ሹልና ባለ ጥርስ ቢላ በመስከረም 2024፣ የኒንጃ ጎራዴ በነሐሴ 2025 ታግደዋል። እነዚህ ለማስፈራራት የሚያዙ ናቸውና እገዳውን አልቃወምም። ሆኖም በስለት በሚፈጸም ግድያ በብዛት የሚገኘው ተራ የወጥ ቤት ቢላ ነው፤ ብዙው ጠብ ደግሞ የሚነሣው ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ንዴት ያሳወረው ሰው እጁ የሚያርፈው ባጠገቡ ባለው ላይ ነው። ይዞ መውጣትን የሚከለክለው ሕግ እዚያ አይደርስም።

በእኔ እምነት ክርክሩ መዞር ያለበት በቢላው ጫፍ ላይ ነው። በ2005 የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ረጅምና ሹል የወጥ ቤት ቢላ እንዳይሸጥ ጠይቀው ነበር፤ ያነጋገሯቸው ምግብ አብሳዮችም የግድ ያስፈልጋል አላሉም። እኔም የምመሰክረው ይህንኑ ነው። ሽንኩርት ስንከትፍ ጫፉ መክተፊያው ላይ ያርፋል እንጂ አይቆርጥም፤ የሚሠራው የስለቱ ሆድ (ጎበጥ ያለው ክፍል) እና ተረከዙ (ወደ እጀታው ያለው ክፍል) ነው። ሥጋን ከአጥንት ለመለየት ሹል ጫፍ ቢያስፈልግም አጭር ቢላ ይበቃል። ጫፉ የተድቦለቦለ ቢላ በልብስ ላይ ይንሸራተታል፤ ቢያቆስልም ወደ ውስጥ ጠልቆ ለመግባት ይቸገራል።

«ቢላ ያጣ ካቻቢቴ ያነሣል» የሚሉ አሉ። ለመጉዳት አስቦ ካቻቢቴ ይዞ የወጣንማ የ1953ቱ ሕግ ይቀጣዋል። በቅጽበት ለተነሣ ጠብ ግን ካቻቢቴው ከመሣሪያ ሣጥኑ እስኪወጣ ያለችው ጥቂት ጊዜ እንኳ ነፍስ ታድናለች ብዬ አምናለሁ። ረጅሙና ሹሉ ቢላ ለሥጋ ቆራጮችና ለእኛ ለምግብ አብሳዮች ብቻ፣ የሥራ ማስረጃ እየታየ ይሸጥ ቢባል ቅር አይለኝም፤ ዛሬም ቢላ ዕድሜው 18 ላልሞላ መሸጥ የተከለከለ ነውና አንድ ወረቀት ቢጨመር አይከብደኝም።