«ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሊቨርፑል ነው። የስደተኛ ወረቀት ካገኘሁ 3 ዓመት ሆኖኛል። ጥቂት ሐበሾች፣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንና ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሁለት እንግሊዛውያን እናቶች ሆነን የሱዳንን ጦርነት የሚቃወም ሰልፍ ልናደርግ አስበናል። ሌበር ፓርቲ እዚህ ከተማ ጉባኤውን በሚከፍትበት እሑድ ከሴንት ጆርጅስ ሆል ተነስተን እስከ ጉባኤው በር መሄድ እንፈልጋለን። ድርጅት የለንም፤ ያለን የዋትስአፕ ግሩፕ ብቻ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? ስሜ ፖሊስ ዘንድ ቢመዘገብ ነገ ዜግነት ስጠይቅ ይጎዳኛል? ከእናቶቹ አንዷ የፓርቲው አባል ስለሆኑ የመግቢያ ባጅ አላቸው፤ አዳራሹ ውስጥ መፈክር ሊያሰሙ ይፈልጋሉ። ከበሮስ ይዘን መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠያቂያችን። «ፈቃድ» ከምትለዋ ቃል ልጀምር። አገር ቤት የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ራሱ የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። አፋችን ላይ የቀረችው ግን «ፈቃድ» ናት። ለምን እንደቀረች እርስዎም እኔም እናውቃለን። እንግሊዝ ውስጥም ሕጉ ፈቃድ ጠይቁ አይልም። ስለዚህ ፖሊስ ዘንድ ሲሄዱ «ይፈቀድልን» ብለው አይጻፉ። የሚያደርጉት ማሳወቅ ነው። እሱም የሚያስፈልገው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከሄዳችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1986 የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በሚጓዝ ሰልፍና ቆሞ በሚደረግ ሰልፍ መካከል ልዩነት ያደርጋል። ከአንድ ቦታ ተነስታችሁ ወደ ሌላ የምትጓዙ ከሆነ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጉባኤው ፊት ለፊት ባለው የሕዝብ መንገድ ላይ ተገናኝታችሁ፣ ሰሌዳ ይዛችሁ፣ ቆማችሁ ብትውሉ ግን የማሳወቅ ግዴታ የለባችሁም። አሥር ሰውም ሁኑ አምስት መቶ ያው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን ከጠየቁኝ፣ ሰዎቻችሁ ሃያ ሠላሳ ከሆኑ ቁሙ። ሃያ ሰው መንገድ ላይ ሲጓዝ አያምርም፤ በር ላይ ሲቆም ግን ገቢ ወጪው ሁሉ ያየዋል። በዚያ ላይ በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች መክፈቻ ትልልቅ የፀረ ጦርነት ሰልፎች መምጣታቸው የተለመደ ነው። በ2006 ጉባኤው ማንቸስተር በነበረ ጊዜ የኢራቅን ጦርነት ለመቃወም የወጣው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያለ ሰልፍ ካለ የማሳወቁን ጣጣ ለባለቤቶቹ ትታችሁ ከኋላ መቀላቀል ትችላላችሁ።

«አይ፣ መሄድ አለብን» ካላችሁ ማሳወቂያው የሚሰጠው ሰልፉ በሚነሳበት አካባቢ ላለ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የእናንተ የመርሲሳይድ ፖሊስ ነው ማለት ነው። ቀኑን፣ የመነሻ ሰዓቱን፣ መንገዱንና የአንድ አዘጋጅ ስምና አድራሻ ይይዛል። ጊዜው ከሰልፉ በፊት 6 «ሙሉ ቀን» ነው። የሰጡበት ቀንም ሆነ የሰልፉ ቀን አይቆጠሩም። ስለዚህ ለእሑድ ሰልፍ የመጨረሻው ቀን ከሱ በፊት ያለው እሑድ ነው፤ ሰኞ ዘግይቷል። እኔ ግን ከወር በፊት ስጡ እላለሁ፤ በጉባኤ ሰሞን መንገድ ስለሚዘጋጋ መስመራችሁ መለወጡ አይቀርም። በእጅ ስጡት፣ መቀበላቸውን የሚያሳይ ማረጋገጫም ይዛችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ እባክዎ አይሳቁ። ሰዓቱን በፈረንጅ ይጻፉ። ግሩፑ ላይ «8 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ተባብሎ ቅጹ ላይም 8 ተብሎ ከተጻፈ ፖሊሱ የሚጠብቃችሁ በማለዳ ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ከተመዘገበው ቀን፣ ሰዓት ወይም መንገድ ውጭ መጓዝ ራሱ አዘጋጁን ያስቀጣል። ሳያሳውቁ ማዘጋጀትም እንዲሁ፤ ቅጣቱ እስከ 1000 ፓውንድ ይደርሳል።

ስምዎን ማስመዝገብ ካስፈራዎት ሕጉ የሚፈልገው ከአዘጋጆቹ የአንዱን ስም ብቻ ነው። ከሁለቱ እናቶች አንዷ በእውነት አብረው የሚያዘጋጁ ከሆነ የእሳቸው ስም ይበቃል። በእውነት የሚያዘጋጁ ከሆነ ነው ያልኩት። ስም ማበደር ግን ነገ እሳቸውንም እርስዎንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ማሳወቅ የለም ማለት ፖሊስ ምንም ማለት አይችልም ማለት አይደለም። የሚጓዘውንም የሚቆመውንም ሰልፍ በሁኔታዎች ሊገድብ ይችላል፤ እዚህ ቁሙ፣ በዚህ ሰዓት ጨርሱ፣ ከዚህ በላይ ሰው አይሁን ሊል ይችላል። ለዚህ ግን በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። ከባድ ሁከት፣ ከባድ የንብረት ጉዳት፣ በማኅበረሰቡ ኑሮ ላይ ከባድ መስተጓጎል፣ ወይም ሰውን ማስፈራራት ይመጣል ብሎ በበቂ ምክንያት ማመን አለበት። በ2023 መንግሥት «ከባድ» የምትለዋን ቃል «ከቀላል ከፍ ያለ» ወደሚል ዝቅ አድርጓት ነበር። በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንን ደንብ ሻረው፣ በ2025 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ሁኔታዎቹ በቦታው በቃልም ሊነገሩ ይችላሉ። ከ2022 ወዲህ «አላወቅኩም ነበር» ማለት አያድንም፤ ማወቅ የሚገባው ሰውም ይጠየቃል። ከእናንተ ደግሞ ሁሉም እንግሊዝኛ አቀላጥፎ አይሰማም። አንድ ሰው ወደ አማርኛ፣ አንድ ሰው ወደ ዓረብኛ ወዲያው እንዲተረጉም ከወዲሁ መድቡ። ፖሊሱ የተናገረውንና ሰዓቱን የሚመዘግብም አንድ ሰው ይኑር። ሰልፍ ላይ ደብተር የያዘ ሰው ሜጋፎን ከያዘው ይበልጣል፤ በተለይ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ።

የምትቆሙበትንም ቦታ እዩት። ጉባኤው የሚደረገው ኪንግስ ዶክ ነው። ወደዚያ ስትወርዱ የምታገኙት ሊቨርፑል ዋን ደግሞ ተራ የገበያ መንገድ ይመስላል እንጂ በግል ኩባንያ የሚተዳደር ነው። እዚያ የጥበቃ ሠራተኛ «ውጡ» ካለ አትከራከሩ፤ ውጡና ከተማው መንገድ ላይ ቁሙ። እንግሊዝ ውስጥ የመቃወም መብት ከመሬቱ ባለቤት ጋር ብዙ ይያያዛል። ሰው የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነው።

ይሄ ወደ እናታችን ባጅ ይወስደኛል። አዳራሹ የግል ስብሰባ ነው። ባጅ ፓርቲው የሰጠው ፈቃድ ነው፤ ሊነጥቀው ይችላል። መጮህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን ይወጣሉ፣ ምናልባትም አባልነታቸውን ያጣሉ። በ2005 ብራይተን ላይ የሆነውን ይንገሯቸው። ዋልተር ቮልፍጋንግ የሚባሉ የ82 ዓመት የፓርቲው አባል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጃክ ስትሮው ስለ ኢራቅ ሲናገሩ «እርባና ቢስ ወሬ!» ብለው ጮኹ። አስተናባሪዎች አንስተው ከአዳራሹ አወጧቸው። ተመልሰው ሊገቡ ሲሉ ፖሊስ የያዛቸው በፀረ ሽብር ሕግ ነበር። እኚህ ሰው በ1937 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ስደተኛ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ይቅርታ ጠየቁ፤ ሽማግሌው በማግስቱ ወደ አዳራሹ ሲመለሱ በጭብጨባ ተቀበሏቸው። የዚያን ሕግ ልቅ የፍተሻ ሥልጣን ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 ነቅፎታል።

በ2023 እዚሁ ሊቨርፑል አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ በጊዜው የፓርቲው መሪ በነበሩት ኪር ስታርመር ላይ ብልጭልጭ ሲበትን የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ታሰረ። በቃል መጮህና ሰውን መንካት በጣም ይለያያሉ። እናታችን አንዲት ቃል ብለው ሲያወጧቸው ዝም ብለው ከወጡ በሕግ በኩል የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። መድረክ አይውጡ፣ አይታገሉ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትዎ። የመሰብሰብ መብት የ«ማንኛውም ሰው» ነው ይላል የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነት አንቀጽ 11። የእንግሊዝ ሕግም ይህንኑ በ1998 ተቀብሎታል። የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ ዜጋና ስደተኛ አይለይም። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ጓደኞቻችሁም መምጣት ይችላሉ። (በነገራችን ላይ፣ «ሰልፍ ላይ ፎቶ ከተነሳሁ ኬዜ ይጠነክራል» ብሎ ለሚመጣ ሰው ቦታ አትስጡ። ዳኞች ያንን ካሜራ ፍለጋ ዞር ዞር ማለት ያውቁታል።) ሰልፍ ማሳወቅ ወንጀል አይደለም፤ ለሆም ኦፊስ (ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) የሚነገር መዝገብም አይሆንብዎትም።

ወረቀትዎን የሚጎዳው ሰልፉ ሳይሆን ጣቢያ ውስጥ የሚፈርሙት ነው። የእንግሊዝ ፖሊስ «ኮሽን» የሚላቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሲይዝዎት የሚያነበው «የመናገር ግዴታ የለብዎትም...» የሚለው ነው። እሱ ምንም አያደርግዎትም። ሁለተኛው ግን ወረቀት ነው። «ክስ አንመሠርትም፣ ኮሽን ብቻ ፈርመህ ወደ ቤትህ ሂድ» ይሉዎታል። ደክሞዎታል፣ ነገ ሥራ አለ፣ በአማርኛ ሲያስቡት «ማስጠንቀቂያ ብቻ» ነው። ግን ፊርማዎ ጥፋቱን አመንኩ ማለት ነው። በፖሊስ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ዜግነት ሲጠይቁም ይጠየቁበታል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ፈርሞ ረሳው። ከዓመታት በኋላ የዜግነት ቅጹ ላይ ሳይጽፈው ቀረ። ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ጎዳው። ሰውየው ደባቂ አልነበረም፤ የፈረመው ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር።

ስለዚህ ማንም ቢያዝ ጠበቃ ሳያማክር ምንም አይፈርም፣ ምንም አይቀበል። ጣቢያ ውስጥ ጠበቃ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም በነፃ ነው፣ አንድ ሰው እንዲነገርለትም መጠየቅ ይችላል። «እንግሊዝኛዬ ይበቃል» የሚል ጓደኛ ይኖራችኋል። ለገበያ ይበቃል፤ ለጣቢያ አይበቃም።

ሌላም አለ። «ፖሊስ ከያዘኝ ኤምባሲ ይሰማል» የሚሉ አሉ። ፖሊስ በራሱ ውሳኔ አይነግረውም። የፖሊስ የአያያዝ ደንብ፣ ሰውየው ስደተኛ ነኝ ካለ ወይም ጥገኝነት ከጠየቀ ፖሊስ መጀመሪያ ለሆም ኦፊስ የቪዛና ኢሚግሬሽን ክፍል እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ለኤምባሲው ይነገር አይነገር የሚለውን የሚወስነው ያ ክፍል ነው። ዝም ብለው አይጠብቁ፤ ሲገቡ «ስደተኛ ነኝ» ይበሉ። መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳን ግን ሕጉ አይከለክለውም። ቤተሰብ አገር ቤት ያለው ሰው ከፊት መስመር አይቁም፤ መኮነን አያስፈልግም፣ የራሱን ሒሳብ ያውቃል።

ስለ ሰሌዳዎቹ አጭር ነገር። በሽብር የታገዱ ድርጅቶች ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ። የእነዚያን ባንዲራ ወይም የድጋፍ ቃል መያዝ በፀረ ሽብር ሕግ ያስይዛል። በ2025 በዚሁ ጉባኤ ደጅ ብዙ ሰው የታሰረው ለታገደ ቡድን ድጋፍ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ነው። ዝርዝሩን በሰልፉ ዋዜማ እዩት። የዘር ስድብም በአማርኛ ሆነ በዓረብኛ ስድብ ነው፤ ፖሊሱ ያልገባው መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ የገባው ሰው ይቀርጽላችኋል።

የማኅበረሰብ ማኅበራችሁን ወይም ዕድራችሁን ስም ለመጠቀም ካሰባችሁ መጀመሪያ የተመዘገበ በጎ አድራጎት መሆኑን አጣሩ። ከሆነ ከፓርቲ ፖለቲካ መራቅ አለበት። ለገዢው ፓርቲ ስለ ሰላም መጠየቅ ፓርቲ መደገፍ አይደለም፤ ግን የቦርዱ ሰዎች ሳይወስኑ ባነር ላይ እንዳይወጣ። መንገድ ላይ መዋጮ ለመሰብሰብም የካውንስል (የከተማው አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። ይሄኛው እንኳ በእውነት ፈቃድ ነው። ግሩፑ ላይ ሰብስቡት።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ነው። ግላስጎው ያሉ ዘመዶቻችሁ እንደ እናንተ እናድርግ ካሉ፣ እዚያ ለሚጓዝ ሰልፍ ማሳወቂያው 28 ቀን ይቀድማል፤ ለካውንስሉም ይሰጣል።

ከበሮው። ከ2022 ወዲህ ፖሊስ በጩኸት ምክንያትም ሰልፍ ሊገድብ ይችላል፤ ግን የድርጅቶችን ሥራ ከባድ በሆነ መንገድ የሚያስተጓጉል፣ ወይም በአካባቢው ያሉትን ሰዎች ክፉኛ የሚጎዳ ድምፅ መሆን አለበት። አንድ ከበሮ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ድምፅ ማጉያን ደግሞ ሌላ የቆየ ሕግ ከማታው 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት መንገድ ላይ ይከለክለዋል፤ ይሄ በእኛ ሰዓት ነው፣ ለፖሊሱ ሲነግሩ 9 እና 8 ይበሉ። ከበሮው ማጉያ ስላልሆነ ይህ ሕግ አይመለከተውም። ይዛችሁት ኑ።