ግቢው የኔ ነው፣ ውሃውስ?

«ድሬዳዋ ሳቢያን ባለው ግቢዬ ላቫጆ ልከፍት ነው። ጉድጓድ በማሽን ላስቆፍር ስል ቆፋሪው ‘በገዛ ግቢህ ማን ይጠይቅሃል?’ አለኝ። እውነት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። በድሬ ወግ አንተ ልበልህና፣ ይጠይቁሃል። እኔን ጠይቀውኛል።

ያኔ ብሎኬት አመርት ነበር። ካርታ አለኝ ብዬ ፈቃድ ሳላወጣ አስቆፈርኩ። ካርታው ግን ከመሬቱ በታች አይወርድም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 197/1992፣ የሀገሪቱን ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ይለዋል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልገውም። ማሽን አምጥተህ ለንግድ ስታወጣ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሃውን ለሌላ ማስተላለፍም እንደዚያው ነው፤ «የተረፈኝን ለሰፈሩ በሮቶ እሸጣለሁ» ካልክ እሱንም አስፈቅድ።

ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነበር። የማሽኑን ጩኸት ግን የት ትደብቀዋለህ? ቢሆንም ያጋለጠኝ ጩኸቱ አይደለም። አጥር የምንጋራቸው እናት በእጅ የተቆፈረች የቆየች ጉድጓድ ነበረቻቸው። የኔ ፓምፕ መሥራት ከጀመረ በኋላ ባልዲያቸው ጭቃ ይዞ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ እኔው ዘንድ መጡ፤ «ክረምት ሲገባ ይመለሳል» ብዬ ሸኘኋቸው። እስካሁን የማፍርበት ይሄ ነው። ከዚያ አመለከቱ፣ ፓምፔም ቆመ። አዋጁ ከሁሉ በፊት የሚያስቀድመው የቤት ፍጆታን ነው፤ እሳቸው ለመጠጥ፣ እኔ ለብሎኬት፣ ምን ብዬ ልከራከር?

የድሬን መሬት ታውቀዋለህ፣ አሸዋና ጠጠር ነው። ውሃው በአብዛኛው በደንገጎ ተራራ በኩል ካለው ደጋ የዘነበው ነው፣ ሰርጎ ሰርጎ የሚደርሰን። ሁላችንም የምንቀዳው ከዚያው ነው። የየቤቱ ሽንት ቤት ፍሳሽም እዚያው ይሰርጋል፤ ከተማችን ውስጥ ናይትሬት የበዛባቸው ጉድጓዶች የተገኙት ለዚህ ነው። የሐሮማያን ሐይቅ አስታውስ። በአንድ ወገን የጫት ማሳ፣ በሌላ ወገን የከተማ ፓምፕ ሲስቡት አንድ ጊዜ ደርቆ፣ ሐረሮች ውሃ ከቆላ ሽቅብ በፓምፕ ተገፍቶላቸው ነው የሚጠጡት።

ለቆፋሪው ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ውሃ ቢሮ ሂድ። ቆፋሪውንም የሙያ ፈቃዱን ጠይቀው፤ ካንገራገረ ተወው። የኔው ፓምፕ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከፈለግክ በርካሽ እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን ፈቃድህን አሳየኝ።