የዕፅዋት ሕክምና መማር ለምትፈልጉ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ ፋርማሲ ተምሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ የዕፅዋት ሕክምና ሦስት ዓመት ተማርኩ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ተቀብዬ አማክራለሁ። ስለዚህ ሙያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጠየቃችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ክሊኒካል ሄርባሊስት ማለት ምን ማለት ነው? ከባህል ሐኪም በምን ይለያል?

ሰው አስቀምጦ፣ ታሪኩን ሰምቶ፣ ለዚያ ሰው የሚሆን ተክል የሚመርጥና ውጤቱን የሚከታተል ባለሙያ ማለት ነው። እኔ ጋ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሰገራ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ሥራ እጠይቃለሁ። የላብራቶሪ ውጤት ካለ አያለሁ። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ አደርጋለሁ። «ሁለንተናዊ» የሚባለውም ይኸው ነው። ራሴን ያመኛል ያለችኝ ሴት ሌሊት የምትሠራና በቀን ስድስት ስኒ ቡና የምትጠጣ ከሆነች፣ ቅጠል ከመፈለጌ በፊት የምናወራው ስለ ሌሊቱና ስለ ቡናው ነው።

የባህል ሐኪሞቻችንን አልንቅም። በአካባቢያቸው ተክል ላይ ያላቸው እውቀት ከእኔ ይበልጣል። እኔ የምጨምረው መዝገብ መያዝን፣ መጠን መለካትንና ተክሉ ከኪኒን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማወቅን ነው።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ አዲስ አበባ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ ከትምህርት በኩል ሁለት ጥሩ በር አለህ። አንዱ ፋርማሲ ነው። እዚያ ውስጥ ፋርማኮግኖሲ የሚባል፣ ከተፈጥሮ ስለሚገኙ መድኃኒቶች የሚያስተምር ዘርፍ አለ። ሌላው ባዮሎጂ ገብቶ ዕፅዋት ላይ ማተኮር ነው። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሐርባሪየም አለ። ተጭነው የደረቁ ተክሎች ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ከየት ወረዳ እንደተለቀሙና ማን እንደለቀማቸው ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ተማሪ ሳለሁ እዚያ ያሳለፍኩት ጊዜ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ቅርብህ ነው፤ ማስታወሻ ይዘህ ሂድ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ግን አንድ ነገር አድርግ። አንድ ተክል ምረጥና ዓመቱን ሙሉ አብረኸው ክረም። እኔ ብሆን ዳማከሴን እመርጣለሁ። ምች የመታው ሰው ሲመጣ እናቶቻችን ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን የሚያሸትቱት፣ ቡና ላይ ጠብ አድርገው የሚያጠጡት ማለት ነው። ጓሮ ትከለው። ግንዱን በጣቶችህ መካከል አንከባለው፤ ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን አለው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ነው። አሁን በሶብላንና ጦስኝን አምጣ። ግንዳቸው አራት ማዕዘን፣ ቅጠላቸው ጥንድ፣ ሽታቸው ኃይለኛ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን በእጅህ ስታውቀው ሌላ ተክል ስታይ ዓይንህ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ስማቸውን ካወቅን አይበቃም? የላቲኑ ስም ምን ያደርግልናል?

አይበቃም። እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

እምቧይንና የምድር እምቧይን ውሰዱ። ስማቸውን የሰማ ወንድምና እህት ይመስሉታል። እምቧይ ከድንችና ከቲማቲም ወገን ነው። የምድር እምቧይ ደግሞ ከዱባና ከኪያር ወገን ነው። በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር የተለያየ ነው፤ የሚያደርሱት ጉዳትም እንዲሁ። አንዱ ሰፈር «እምቧይ» ብሎ የሚጠራውን ሌላው ሰፈር በዚያ ስም አያውቀውም፤ የላቲኑ ስም ግን የትም ብትሄዱ ያንኑ ተክል ነው የሚጠራው።

የስም ስህተት ምን እንደሚያመጣ ብራስልስ ላይ ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንድ የውፍረት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅዋት ያለበት ካፕሱል ይሰጥ ነበር። ውስጡ መግባት የነበረበት «ፋንግ ጂ» የሚባል ሥር ነው። የገባው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» ነበር። የስሙ ልዩነት አንዲት ቃል ናት። ሁለተኛው ተክል አሪስቶሎኪክ አሲድ አለው። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) እና ንቅለ ተከላ ላይ ደረሱ፣ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። ጤነኛ ሆነው ቀጭን ለመሆን ብቻ የሄዱ ሴቶች ናቸው። አንድ ሰው ዱቄት ሆኖ የመጣ ነገር ሲሰጠኝ እጄን የምሰበስበው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን ካላየሁ አልነካውም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

በሄርባሊስትነት ፈቃድ የሚሰጥ ስቴት የለም። ስለዚህ ስሙን ማንም ለራሱ ሊሰጥ ይችላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። በሽታ መርምሬ አገኘሁ፣ አድናለሁ ማለት ግን ያለ ፈቃድ ማከም ነው፤ ያስከስሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የአሜሪካ ሄርባሊስቶች ማኅበር ትምህርትህንና ከሰው ጋር የሠራህበትን ሰዓት አይቶ «የተመዘገበ ሄርባሊስት» ይልሃል። የመንግሥት ፈቃድ አይደለም፤ ሆኖም ተመዝኖ ያለፈን ሰው ካልተመዘነው ይለያል። እንግሊዝ ያላችሁ ከ1864 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የሄርባሊስቶች ማኅበር አላችሁ፤ በእሱ በኩል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኮሶ ጠጪ ትለኛለች። ልጠጣ?

እህቴ፣ እናትሽን አክብሪ፤ ኮሶውን ግን ተይው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተፈጭቶና ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ትሉን እንደሚያስወጣ አባቶቻችን በትክክል አውቀዋል። ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ሲሸጥ የነበረ ነው። ግን የሚያድነው መጠንና የሚጎዳው መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ያስመልሳል፣ ያዝላል፤ ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። በአንድ ዛፍና በሌላው ዛፍ መካከልም ኃይሉ ይለያያል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ ኪኒን ይጨርሰዋል። እኔ ተክል ወዳድ ሆኜ ኪኒኑን ነው የምመርጥልሽ። ጥሬ ሥጋ ካላቆምሽ ደግሞ በየትኛውም ብታስወጪው ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ። አብሽ ይረዳኛል?

አብሽ የደም ስኳር ሊቀንስ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የገጠመኝን ልንገራችሁ። ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት መጡ። ግሊፒዛይድ የሚባል የደም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን ይወስዳሉ። የመጡት ስለ እግር መደንዘዝ ሊጠይቁኝ ነበር። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አልኩ። «የለም ልጄ» አሉኝ። በሳምንቱ ልጃቸው ደወለች፤ ጠዋት ላብ በላብ ሆነው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አግኝታቸዋለች። ስኳራቸው ከሚገባው በታች ወርዶ 52 ነበር። ማር አቅምሳቸው አምቡላንስ ጠራች፤ ተረፉ። በኋላ ሲጣራ ጾም ላይ ነበሩ። ቁርስ የለም፣ ኪኒኑ አለ፣ ሌሊት የተዘፈዘፈ አብሽ ደግሞ ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣሉ። አልዋሹኝም። አብሽ ለእሳቸው ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «ምን ይወስዳሉ?» ብቻ አልልም። «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ አፍዎ የሚገባው ምንድን ነው?» ብዬ ቀኑን እስከ መኝታ ድረስ አስተርካለሁ።

ስለዚህ አብሽ ከፈለጉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስኳርዎን እየለኩ ይጀምሩ፤ ጾም ላይ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ። ቡና ላይ ጤና አዳም ብጨምርስ?

በእርግዝና ጊዜ ይቅርብሽ። ጤና አዳም ማሕፀን ያነሳሳል። ቡናውንም ቀነስ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጨጓራዬ ያቃጥለኛል፤ ሐኪም ቤት መሄድ ቀላል አይደለም።

እህቴ፣ ይገባኛል። መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ፦ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ደም አስመልሶሻል? ሳትፈልጊ ከስተሻል? አንዱ እንኳ ካለ ለአሠሪዎችሽ ዛሬውኑ ንገሪ፤ ቅጠል የሚያቆመው ነገር አይደለም። ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ብለሽ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የምትውጪ ከሆነ ምናልባት ያቃጠለሽ እሱ ነው።

እነዚህ ከሌሉ ተልባ ሞክሪ። ያልተቆላ ተልባ አንድ ሾርባ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ማታ ዘፍዝፊ። ጠዋት ውኃው እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ይላል። ያንን ጠጪው፤ የጨጓራን ግድግዳ ያለሰልሳል። ሌላ ኪኒን ካለሽ በሁለት ሰዓት ልዩነት አራርቂው፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ቃጠሎው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተመለሰ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ያስፈልግሻል። ባክቴሪያ ነው፤ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ካንሰር የሚያድን ቅጠል አለ?

ከተክል የተገኙ የካንሰር መድኃኒቶች አሉ። ቪንክሪስቲን ከአንዲት አበባ፣ ፓክሊታክሰል ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ነው የመጡት። የሚሠሩት ግን ተጣርተውና በሚሊግራም ተለክተው በደም ሥር ሲሰጡ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ጠቆር ያለ ውኃ ይዞ «ካንሰር አድናለሁ» የሚልን ሰው አትመኑ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሲመጣ እኔ የምሠራው በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ሐኪሙ አውቆት።

ጥያቄ፦ አጎቴ የታወቀ የባህል ሐኪም ነው፤ መድኃኒቱን ግን አያሳየኝም። ምን ላድርግ?

ሚስጥር መጠበቁ ከንፍገት ብቻ የመጣ እንዳይመስልህ። የእንዶድን ታሪክ ታውቀዋለህ? እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። ከዚያች ዕለት ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ ፍጡራንን እንደሚገድል ሲታወቅ የባለቤትነት መብት አወጣበት። በዘመናት እንዶድ ሲወቅጡ የኖሩ ሴቶች ስም እዚያ ላይ የለም። የአጎትህ ፍርሃት መሠረት አለው።

ስለዚህ መድኃኒቱን አትጠይቀው። ሥራውን አግዘው። እንጨት ፍለጠለት፣ በሽተኛ ሲመጣ በር ላይ ተቀመጥ፣ ሲለቅም ቅርጫት ያዝለት። የምታየውን ሲፈቅድልህ ጻፍ፤ ስሙንም ከላይ አስፍር። አንድ ቀን ራሱ «ይህን ሥር ታውቀዋለህ?» ይልሃል። ያኔ ደብተርህ ዝግጁ ይሁን።