ጓንቱ ለምን አንድ ብቻ ሆነ?

የአንባቢያን ጥያቄና የልብስ ሰፊው መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ሰው ልብስ ነው፤ ስለ ማይክል ጃክሰን። በቴአትር ቤት የልብስ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት መርፌ ይዤ ስለኖርኩ የእርሱን ልብሶች ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ስፌቱ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለሦስቱ ጠያቂዎች ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ ያስቀመጣቸውን የቪዲዮ ካሴቶች ሳይ ማይክል ጃክሰን አንድ ጓንት ብቻ አጥልቆ አየዋለሁ። ጓደኞቼ የቆዳ በሽታውን ለመሸፈን ነው ይላሉ። እውነት ነው?» ከደሴ

ልጄ፣ የቆዳ በሽታው እውነት ነው። ለምጽ እንዳለበት በ1993 ለአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ለኦፕራ ዊንፍሬይ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ራሱ ተናግሯል፤ ከሞተ በኋላም የአስከሬን ምርመራው አረጋግጦታል። ስለ ጓንቱ ግን በ1988 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ሁለት ጓንት ማጥለቅ ተራ ነገር ነው፣ አንድ ሲሆን ግን ያምራል ባይ ነው። እኔም ይህንኑ አምናለሁ፤ ልብሱ ራሱ ይመሰክራልና።

እስቲ ያንን ምሽት አብረን እንየው። ማርች 25 ቀን 1983፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና በተባለች ከተማ፣ የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ 25ኛ ዓመት እየተከበረ ነው። ማይክልና ወንድሞቹ አብረው ዘፈኑ፤ ወንድሞቹ ወረዱ፤ እርሱ ብቻውን ቀረ። የለበሰው በፈርጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጃኬት፣ ከሥሩ የብር ቀለም ያለው ሸሚዝ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የተቆረጠ ጥቁር ሱሪ፣ የሚያንጸባርቅ ነጭ ካልሲ፣ ማሰሪያ የሌለው ጥቁር ቆዳ ጫማ ነው። በግራ እጁ ላይ ያ ነጭ ጓንት አለ። ጓንቱን የሠራለት ቢል ዊተን የተባለ የልብስ ባለሙያ ነው።

አሁን በልብስ ሰፊ ዓይን ተመልከቺው። መድረኩ ጨለማ ነው፤ ሱሪውም ጫማውም ጥቁር ናቸው። ከወገብ በታች ከጨለማው ተለይተው የሚታዩት ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች ብቻ ናቸው፤ ከላይ ደግሞ ያቺ አንዲት እጅ። ሁለት ጓንት ቢሆን ኖሮ ዓይናችን የትኛውን ይከተላል? አንድ ሲሆን ግን ምርጫ የለንም። እጁ ባርኔጣው ላይ ሲያርፍ እዚያ፣ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ እዚያ እንሄዳለን። ቀጥሎ ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደ ኋላ ሲንሸራተት (ይህን በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ያን ምሽት ነው) ነጩ ካልሲ እያንዳንዱን እርምጃ ቆጥሮ ያሳየናል። ሱሪው ጫማው ላይ ቢወድቅ ኖሮ ያ ሁሉ ልምምድ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ልብሱ ለጭፈራው የተቆረጠ ነው የምለው ለዚህ ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ላያየው ይችላል፤ እጁንና እግሩን ግን ያያል። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን በተላለፈ ማግስት የጭፈራ ጌታ የሚባለው ፍሬድ አስቴር ራሱ ስልክ ደውሎ አድናቆቱን ገልጾለታል።

በኋላ ጓንቱ በሌለበት ጊዜም ሐሳቡን አልተወውም። ጣቶቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ይጠቀልል ነበር። ከፋርማሲ የሚገዛ ፕላስተር ነው፤ ሥራው ግን ያው የጓንቱ ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ የወጣቶች ባንድ በዚፕ የተሞላውን ቀዩን የ“ትሪለር” ጃኬት ስፋልን ብሎኛል። ዋናው በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ የሚባለውስ እውነት ነው?» ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ከመቀስህ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። በዚፕ የተሞላው ቀይ ጃኬት «ቢት ኢት» በተባለው ዘፈኑ ቪዲዮ የለበሰው ነው። «ትሪለር» በተባለው ዘፈኑ ቪዲዮ የለበሰው ሌላ ነው፤ እርሱም ቀይ ነው፣ ግን ከትከሻው ወደ ወገቡ እየጠበቡ የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች አሉት። ደንበኞችህ የትኛውን እንደፈለጉ ፎቶግራፍ አስመጣና አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል።

የ«ትሪለር»ን የነደፈችው ዲቦራ ናዱልማን ላንዲስ ናት፤ የፊልም ጀግናውን የኢንዲያና ጆንስን ልብስም የሠራችው እርሷው ነች። አስተሳሰቧን ልብ በል። በቪዲዮው ውስጥ በዙሪያው የሚጨፍሩት ሙታን የለበሱት የተበጣጠሰና አፈር የመሰለ ነው፤ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ እርሱን ቀይ አለበሰችው። ሱሪውንም ቀይ አደረገችው። ጃኬትና ሱሪ አንድ ቀለም ሲሆኑ ቀጭን ሰው ረዘም ብሎ ይታያል። ጥቁሮቹ መስመሮች ደግሞ ትከሻውን ያሰፉለታል። ይህን ከተረዳህ ጃኬቱን ብቻ ሰፍተህ ከሰማያዊ ጂንስ ጋር እንዲለብሱት አትፈቅድላቸውም።

ዋጋው እውነት ነው፤ በ2011 በጨረታ በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ያ የግራ እጅ ጓንትም ማይክል በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በኖቬምበር 2009፣ ከ350 ሺህ ዶላር ባላነሰ ዋጋ ሄዷል። ገዢዎቹ የሚከፍሉት ለጨርቁ አይመስለኝም። ያ ጨርቅ እርሱ ሲዞር አብሮ ዞሯል።

ምክር ልጨምርልህ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ ወጣት ዘፋኝ በጣም የኮራሁበትን ጃኬት ሰፋሁለት። መስታወት ፊት ቆሞ ሲለካው አንድም እንከን የሚወጣለት አልነበረም። መድረክ ላይ ሁለት እጁን ሲያነሣ ብብቱ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። ያን ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬን እጁን ሳላስነሣ፣ ሳላስቀምጥና ሳላስዘልል ለክቼ አላውቅም፤ ብብት ሥርም የሚለጠጥ ቁራጭ ጨርቅ ሳላስገባ አልዘጋም። ማይክልን ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ያለበሱት ማይክል ቡሽና ዴኒስ ቶምፕኪንስም እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። በላብ ብዛት በአንድ ምሽት ክብደቱ ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ የሚለብሳቸውን ልብሶች ወገባቸውን ጠበብ አድርገው ይሰፉለት ነበር። መድረክ ላይ ወደ ፊት 45 ዲግሪ ያህል የሚያዘነብልበትን ጫማም ከእርሱ ጋር ሆነው ሠርተው በ1993 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝተውበታል። ተረከዙ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ከወለሉ ብቅ የሚል ችንካር እዚያ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል። ሁለት ልብስ ሰፊዎችና አንድ ዘፋኝ ተሰብስበው ችንካር ሲያስቡ ይታየኛል፤ ደስ ይለኛል።

«የዘጠኝ ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤት በዓል እንደ ማይክል ልልበስ ብሎ አስቸግሮኛል። ብዙ ገንዘብ የለኝም። ከየት ልጀምር?» ከአዳማ

እናቴ፣ ከካልሲው ይጀምሩ። ምክንያቱን ልንገርዎ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 1985 አንድ ሌሊት፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ለእኛ ወገኖች እርዳታ ሊዘፍኑ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ዘፈኑን የጻፉት ማይክልና ላዮኔል ሪቺ ናቸው። በቪዲዮው ውስጥ የእርሱ ተራ ሲደርስ ካሜራው የሚነሣው ከፊቱ አይደለም። ከጥቁር ጫማውና ከሚያብረቀርቀው ካልሲው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ፊቱ ሳይታይ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያንን ስመለከት ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ነጭ የጥጥ ካልሲ ይግዙ። ፈርጥ ከጠፋ ነጭ ወይም የብር ቀለም ያለው ጨሌ ይበቃል። ሲሰፉ ካልሲውን ጠርሙስ ላይ ያጥልቁት፤ ካልተወጠረ ልጁ ሲያጠልቀው ክሩ ይበጠሳል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ብቻ ይስፉ፤ ጫማ ውስጥ የሚገባው እግሩን ይቆርጠዋል። በየአምስት ጨሌው ክሩን ይቋጥሩት፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይረግፍ። ጥቁሩን የትምህርት ቤት ሱሪውን አይቁረጡት፤ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው በእጅ ይስፉት፣ ከበዓሉ በኋላ ይፈታል። ጓንቱ ለግራ እጁ ነው። ነጭ ጓንት ካላገኙ ጣቶቹን በነጭ ፕላስተር ይጠቅልሉለት።